የበቅሎዋና የጭብጦዋ ነገር፦ ከሰቆጣ የጨው ኬላ እስከ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ

"በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ይላል ያገሬው ሰው። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት። ጭብጦ ለመንገድ ስንቅ የምትያዝ አንዲት ድፍን ቂጣ ናት። ሰውየው ግን የሚቆጨው በበቅሎዋ አይደለም። በቅሎዋ ስትሄድ ክርክሩ ተሰምቷል፣ ምክንያቱ ተነግሯል፣ ዳኛ ፈርዷል። ጭብጦዋን ግን ጉልበተኛ ነጠቀው። የሚያንገበግበው እሱ ነው።

ይህቺ ተረት የተነገረችው መኪና ባልነበረበት ዘመን ነው። ሆኖም ከፍጥነት በላይ ነድተሃል ተብሎ መንገድ ዳር ስለሚቆም አሽከርካሪ መብት ዋናውን ነገር ትናገራለች። ጥፋተኛው መቀጣቱ አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም። ጥያቄው ቅጣቱ የመጣው በፍርድ ነው ወይስ ያለ ፍርድ የሚለው ነው።

◾ ያስቆመኝ ማን ነው?

ከሰቆጣ ተነስቶ ወደ ኮረም የሚያቀና አንድ የአይሱዙ ሹፌር እንበል። ጭኗል፣ ሊመሽበት ነው፣ ረዳቱ ጎኑ ያንቀላፋል። ከጠመዝማዛው ጀርባ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ "ቁም" ይለዋል። እንዲህ ሲገጥመው የአዲስ አበባ ሹፌር ራሱን የሚጠይቀው "ስንት ላይ ነበርኩ?" ብሎ ነው። የዋግ ኽምራ ሹፌር ግን ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለበት፦ "ያስቆመኝ ማን ነው?"

ይህ ጥያቄ ትናንት የተወለደ አይደለም። በዚህ አገር መንገድ ላይ ሰውን የማስቆም ታሪክ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ወደ ዳኛ የሚወስድ ማስቆም ነው። ሁለተኛው ኪስ የሚያስፈትሽ ማስቆም ነው። ዛሬ ትራፊክ ፖሊሱ የቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

◾ "በሕግ አምላክ!"

በድሮው ሥርዓት ሰውን ለማስቆም ፊሽካም ጠመንጃም አያስፈልግም ነበር። ተበደልኩ ያለ ሰው "በሕግ አምላክ!" ካለ የተጠራው መቆም ነበረበት። "በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል" የተባለውም ለዚህ ነው። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ይቋጠሩና ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ዳኛው ሩቅ ከሆነም አላፊ አግዳሚ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነገራቸውን እንዲሰማ ይለመናል።

ሥርዓቱ እንከን የለሽ አልነበረም። ባለርስትና ገባር፣ ጌታና ሎሌ እኩል አይደመጡም ነበር። አንድ ትልቅ ቁም ነገር ግን ነበረው። አስቆሚውም አብሮ ይቆማል። ሌላውን የያዘ ሰው ራሱም በኩታው ጫፍ ታስሮ፣ ሥራውን ጥሎ፣ ክሱን ለማስረዳት ዳኛ ፊት መቅረብ ነበረበት። ያለ በቂ ምክንያት ሰው ማስቆም ለራሱም ኪሳራ ነበር። ዛሬ በሕግ ቋንቋ "ተጠያቂነት" የሚባለው ነገር ያኔ በኩታ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ይታይ ነበር።

◾ የጨው መንገድና ኬላው

ሁለተኛውን መልክ ደግሞ ሰቆጣ በደንብ ታውቀዋለች። የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረችው ይህች ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ በአርሆ የወጣው አሞሌ በትግራይ አድርጎ ሰቆጣ ይደርሳል፤ ከሰቆጣ ደግሞ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይሻገራል። አሞሌ በዚያ ዘመን ወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን መገበያያ ገንዘብም ስለነበረ ጨው የጫነች በቅሎ ገንዘብ የጫነች በቅሎ ነበረች ማለት ይቻላል።

ገንዘብ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ኬላ ይበቅላል። ሲራራ ነጋዴው በየወንዙ መሻገሪያና በየአምባው በር ይቆማል፣ ጭነቱ ይቆጠራል፣ ቀረጥ ይከፍላል። ጥቂት ተጉዞ ወደ ሌላ ሹም ግዛት ሲገባ እንደገና ይቆማል። ቀረጥ በራሱ ነውር አልነበረም፤ የትኛውም መንግሥት ያስከፍላል። የነጋዴው መከራ ከፍሎ ሲያልፍ በእጁ የሚቀር ማስረጃ አለመኖሩ ነው። ቀጣዩ ኬላ ላይ "ከፍያለሁ" ቢል ማን ይመሰክርለታል? ከልክ በላይ ተወስዶብኛል ቢልስ ለማን አቤት ይላል? የኬላው ሹም ቆጣሪም፣ ዳኛም፣ ተቀባይም እሱ ራሱ ነው።

"በሕግ አምላክ" ሁለት ሰዎችን ወደ ሦስተኛ ሰው ይወስዳል። ኬላው ላይ ሦስተኛ ሰው የለም። በቅሎዋና ጭብጦዋ የተለያዩት እዚህ ነው።

◾ የአንድ ሽልንግ ዳኛ

1888 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የዐድዋ ዓመት ነው። የዋግ ጦርም በዋግሹም ጓንጉል መሪነት በዚያ ዘመቻ ተሰልፏል። በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ ዋልተር አርኖልድ የተባለ ሰው በሰዓት 8 ማይል፣ ማለትም 13 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲነዳ ተገኘ። የተፈቀደው 2 ማይል ብቻ ነበር። ፖሊሱ በብስክሌት አባርሮ ያዘው። በታሪክ በፍጥነት ማሽከርከር የተቀጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ እንደሆነ ይነገራል።

ወሬው ዛሬ ያስቃል። ቁም ነገሩ ግን ፖሊሱ ገንዘቡን መንገድ ላይ አለመቀበሉ ነው። አርኖልድ ዳኛ ፊት ቀረበ፣ በፍጥነቱ አንድ ሽልንግ ተፈረደበት። ለአንድ ሽልንግም ቢሆን ሦስተኛ ሰው ነበረ።

ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የታየው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ እየነዳ አዲስ አበባ ገባ። ሰቆጣ ግን ብዙ ጠበቀች። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ከአሥመራ ወደ ደሴ የዘረጉት አውራ ጎዳና በኮረም አልፎ በግራካሱ ጠመዝማዛ ወደ አላማጣ ወረደ፤ ዋግን በስተምዕራብ ትቶ ሄደ። በ1977ቱ ረሃብ የዋግ ሰው በእግሩ ወደ ኮረም የተመመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ መኪናውና እህሉ የነበሩት አውራ ጎዳናው ላይ ነበር። በዚህ አካባቢ መኪና ቆመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

◾ ወረቀት ሲመጣ

ከነፃነት በኋላ የመንግሥት ሥራ ወደ ወረቀት ዞረ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ደነገገ። በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። የኋለኛው በአንቀጽ 27 ፖሊስ የሚመረምረውን ሰው ቃል እንዲሰጥ እንዳያስገድደው፣ ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲነግረው ያዛል። የ48 ሰዓቱ ደንብም በአንቀጽ 29 ላይ ተቀመጠ።

ይኸው ሕግ ለትንንሽ ጥፋቶች፣ "ደንብ መተላለፍ" ለሚባሉት፣ ቀለል ያለ መንገድ አበጀ። ተከሳሹ መጥሪያ ይደርሰዋል፤ ጥፋቱን ካመነ በጽሑፍ ማመን ይችላል፤ ካላመነ ይከራከራል። በ1956 ዓ.ም. አገሪቱ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትዞር የመጓጓዣ ደንብ ቁጥር 279ም በሥራ ላይ ነበር። ሹፌሩ የሚገዛበት ደንብም፣ የሚከራከርበት ሥርዓትም በጽሑፍ ተገኘ።

ወረቀት ብቻውን ግን አያድንም። በደርግ ዘመን ከቦታ ቦታ የሚሄድ ሰው የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ያ ወረቀት ለመንገደኛው መብት አልሰጠውም፤ የመንቀሳቀስ መብቱን ከቀበሌ ሊቀመንበር የሚለምንበት ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ማንን ያስራል የሚለውንም መጠየቅ ያስፈልጋል። መንገደኛውን ብቻ የሚያስር ወረቀት ኬላ ነው። አስቆሚውንም የሚያስር ከሆነ ፍርድ ነው።

◾ ሕገ መንግሥቱ መንገድ ዳር

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ ትራፊክ አንድም ቃል አይናገርም። መንገድ ዳር ለቆመ ሹፌር የሚያገለግሉ አንቀጾች ግን አሉት።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ለጥቂት ደቂቃ ሰነድ ለማሳየት መቆም እስር አይደለም። በሌሎች አገሮችም ይህ ልዩነት አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 እ.ኤ.አ. መንገድ ላይ መቆም ጣቢያ እንደመያዝ አይቆጠርም አለ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፖሊስ ለትራፊክ ጉዳይ ያቆመውን ሰው ጉዳዩ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ያለ በቂ ጥርጣሬ ሊያቆየው አይችልም ሲል ወሰነ። የማስቆሚያው ምክንያት የማቆያውን ርዝመት ይወስናል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ሰነድ ማሳየት የሹፌሩ ግዴታ ነው። "ስንት ትነዳ ነበር?" ተብሎ ሲጠየቅ ራሱን የሚወነጅል ቃል እንዲሰጥ ግን አይገደድም። ነገሩ ወደ መያዝ ከተሸጋገረ አንቀጽ 19 ይመጣል፦ ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል፣ ያለመናገር መብት አለው፣ ለጉዞ አግባብ ያለው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ በመርህ ደረጃም ዋስትና አለው። "በሚገባው ቋንቋ" የሚለው ለዋግ ጌጥ አይደለም። አፉን በኽምጣና የፈታ የዝቋላ ወይም የጻግብጂ ሰው በአማርኛ የተጻፈ ክስ ላይ "ፈርም" ሲባል ምን ላይ እንደሚፈርም የማወቅ መብቱ ከዚህ ይመነጫል።

አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና የራሱን የማቅረብ መብት ይሰጠዋል። በፍጥነት ጉዳይ ማስረጃው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ? ከራዳር ከሆነ ራዳሩ ሞገድ ልኮ ከመኪናው ተመልሶ የሚመጣውን ልዩነት ይለካል። አንድ ቦታ ቆሞ የሚለካ ራዳር በጎን በኩል ከተያዘ የሚያሳየው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ "በጎን ስለያዘው አበዛብኝ" የሚል ሹፌር አያዋጣውም። ሁለት መኪና ተከታትሎ ሲመጣ ግን "ቁጥሩ የማን ነው?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መሣሪያው መቼ ተፈተሸ ማለትም እንዲሁ። ቁጥሩ የመጣው ከፖሊሱ ዓይን ብቻ ከሆነ ደግሞ የአንድ ሰው ምስክርነት ነው፤ እንደማንኛውም ምስክርነት ይመዘናል።

አንቀጽ 26 ሰውነትና ንብረት በዘፈቀደ እንዳይበረበር ይጠብቃል። ከልክ በላይ መንዳት ብቻውን ጭነት የማስፈታት ምክንያት አይሆንም። በ1997 በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 423 ሰውን ከሕግ ውጭ የሚይዝ ወይም የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛን ያስቀጣል። አስቆሚውም አብሮ ይቆማል የሚለው የጥንቱ ሐሳብ በዚህ አንቀጽ ውስጥ አለ።

◾ ሠንጠረዡና ደረሰኙ

በ2003 የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ጥፋቶችን በእርከን ከፋፍሎ ለየእርከኑ ቅጣት መደበ፤ ጥፋቱም በሹፌሩ ሪከርድ እንዲያዝ አደረገ። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ በ2016 የወጣው አዲስ ደንብም ቅጣቱን ከፍ አድርጎታል።

ሠንጠረዥ ጥሩ ነገር ነው። ቅጣቱን የፖሊሱ ስሜት ሳይሆን ደንቡ ይወስነዋል፤ ሹፌሩም አስቀድሞ ያውቀዋል። ዋጋ ግን አስከፍሏል። ያኔ ዛፍ ሥር ይቀመጥ የነበረው ሦስተኛ ሰው ከመንገዱ ተነሳ። ያየው፣ የከሰሰውና የቅጣት ወረቀቱን የጻፈው አንድ ሰው ሆነ። ዳኛው ቢኖርም ሩቅ ነው፤ በተለይ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ለሚሠራ ሹፌር ለጥቂት መቶ ብር ክርክር ቀናት ማቃጠል ራሱ ቅጣት ነው።

በዚህ ሁኔታ ሦስተኛው ሰው ሆኖ የሚቀረው ወረቀቱ ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ ጥፋቱ፣ የተፈቀደውና የተገኘው ፍጥነት፣ የጻፈው ፖሊስ ስምና መለያ ያለበት ክስ፣ ከከፈሉ በኋላም ደረሰኝ። መንጃ ፈቃድ ከተያዘም መያዙን የሚያሳይ ጽሑፍ። የድሮው ሲራራ ነጋዴ ያጣው ይህንን ነበር።

ብዙ ሹፌር ግን ራሱ ከዚህ ወረቀት ይሸሻል። "ለሻይ" ብሎ ብር በመንጃ ፈቃዱ ውስጥ አጥፎ ሲሰጥ ብልህ የሆነ ይመስለዋል፤ ሪከርድ አይያዝበትም፣ ከቅጣቱም ያነሰ ይከፍላል። በሕግ ጉቦ ሰጪውም እንደ ተቀባዩ ወንጀለኛ ነው። ከሕጉም በላይ ሰጪው የሸጠው ነገር አለ። በቅሎውን ለማትረፍ ጭብጦውን በገዛ እጁ አስረከበ። በሚቀጥለው ጉዞ ጥፋት ሳይኖርበት ሲቆም "ክሱን ጻፍልኝ" የሚልበት አፍ የለውም።

◾ ፍጥነቱስ?

ስለ መብት ሲወራ ይህ መዘለል የለበትም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ80 ሲሆን 22 ሜትር። ሹፌሩ ደንግጦ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ያ ሁሉ ርቀት አልፏል። በገበያ ቀን አህያ እየነዳ መንገዱን ይዞ ለሚሄድ የዋግ ገበሬ እነዚያ አምስት ሜትሮች የሞትና የሕይወት ልዩነት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ ወደ 4 በመቶ ያድጋል። ድርጅቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ ሰው 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። የወንጀል ሕጉም ደንብ እያወቀ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለውን በአንቀጽ 543 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል።

ስለዚህ "ቁም" የሚለው ፖሊስ የሚጠብቀው የዚያን ገበሬ ሕይወት ነው። ያለ ደረሰኝ ብር የተቀበለ ዕለት የሸጠውም የዚያኑ ገበሬ ሕይወት ነው፤ ሹፌሩ ከፍሎ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላልና። የሹፌሩ መብትና የእግረኛው ደኅንነት አንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ።

◾ ኬላው ሲመለስ

ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነት ዋግ ኽምራ ግንባር ሆነች። ከአበርገሌ፣ ከጻግብጂና ከዝቋላ የተፈናቀለ ሕዝብ ሰቆጣ ተጠለለ፣ መንገድ ተዘጋ። በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል ግጭት ተስፋፍቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁም ለአሥር ወራት ጸና። በእነዚህ ዓመታት በክልሉ መንገዶች ላይ የማስቆም ሥልጣን በብዙ እጅ ገባ። መከላከያ፣ ፖሊስ፣ ሚሊሻ፣ ታጣቂ፣ ተራ ዘራፊም። የገመድ ኬላዎች በዙ፤ ሹፌር ታግቶ ገንዘብ መጠየቁ የየሳምንቱ ዜና ሆነ።

የመንገድ ዳሩ መብት ዋጋው የሚታየው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ታጣቂው ገመድ ዘርግቶ ብር ይወስዳል፣ ወረቀት አይሰጥም። የደንብ ልብስ የለበሰውም ብር ወስዶ ወረቀት ካልሰጠ ሹፌሩ ሁለቱን በምን ይለያቸው? ካልተለዩት ደግሞ መቆምን ይፈራል። "ቁም" ሲባል ነዳጅ ይረግጣል። ፖሊሱ ሸሸ ብሎ ይጠረጥረዋል፣ ጥይትም ሊከተል ይችላል። በፍጥነት ቁጥጥር የተጀመረው ነገር ፍጥነትን ይወልዳል።

ከዚህ መውጫው ለሁለቱም ወገን አንድ ነው። ፖሊሱ ስሙን ይናገር፣ ምክንያቱን ይንገር፣ ቁጥሩን ያሳይ፣ ክሱን ይጻፍ። ሹፌሩም ይቁም፣ ሰነዱን ይስጥ፣ ካጠፋ በደረሰኝ ይክፈል፣ ካላመነ ሳይሳደብ ወረቀቱን ይዞ አቤት ይበል። ጠብ ውስጥ መግባት መብት አያስከብርም፤ በተለይ ሲመሽና መሣሪያ ባለበት።

የሰቆጣ አባቶች በኩታ ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ የሄዱት ሁለቱም አስቀድመው ትክክለኛውን ስላወቁ አልነበረም። ማናቸውም ብቻውን ዳኛ እንደማይሆን ስለተስማሙ ነው። ዛሬ የኩታው ጫፍ ያቺ የክስ ወረቀት ናት። እሷን የያዘ ሹፌር በቅሎው ብትሄድም ቤቱ ገብቶ ይተኛል።